በዋልታ የተገኘው ዛጎልና የእኔ ግለ ሂስ



የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከምድር ገጽ ስለጠፋ አንድ የባሕር እንስሳ ጥቂት ማካፈል ነው። ይሁንና እኔ ራሴ ነገሩን በደንብ ያወቅሁት በክፍል ፊት ከተሳሳትሁ በኋላ ስለሆነ ከስሕተቴ ልጀምር።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል እንዳስተምር የተሰጠኝ ርእስ «ቅሪተ አካል» የሚል ነበር። የትምህርት ዕቅዴን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። መርጃ መሣሪያ ስላልነበረኝ ጭቃ አቡክቼ፣ እንደ በግ ቀንድ ጠምዝዤ፣ በምስማር ሸንተረር አወጣሁበትና ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። በእኔ ቤት አሞናይት መሥራቴ ነው።

አሞናይት የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። በክፍልፋይ በተሠራ ዛጎል ውስጥ እየኖረ በባሕር ይዋኝ ነበር። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ብዙዎቹ ዳይኖሰሮች ባለቁበት ዘመን እሱም ጨርሶ ጠፋ። ዛጎሉ ግን በዓለት ውስጥ ቀርቷል። በእኛም አገር በትግራይ፣ ብላንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጉዞው በኋላ በሕንጣሎ ስም በጠራው የኖራ ድንጋይ ውስጥ አሞናይት ይገኛል። ዛሬ ደጋ የሆነው ያ አገር በጁራሲክ ዘመን ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ መልካም ሄደ። ልጆቹም ጭቃዬን እየተቀባበሉ ዳሰሱት።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የማውቅ ለመምሰል «አሞናይት በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢም ተገኝቷል» ብዬ ጨመርሁ። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እዚያ በረዶ ላይ ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም መልሱን አላዘጋጀሁም። አህጉራት እንደሚንሸራተቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ ትዝ አለኝና እንዲህ አልሁ፦ «አሞናይቶቹ በኖሩበት ዘመን እነዚያ አገሮች በምድር ወገብ ላይ ነበሩ። በኋላ ዛጎሎቹን እንደ ተሸከሙ ወደ ዋልታ ሄዱ።» ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ኮራ ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። ሁሉም በየደብተሩ ገለበጠው።

ተቆጣጣሪ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስንወጣ ግን ጠሩኝና፣

«ለልጅቷ የሰጠሃት መልስ ለየትኛው ዋልታ ነው?» አሉኝ።

«ለሁለቱም ነው፣ መምህር።»

«እንግዲያውስ ሁለቱንም ለየብቻ ፈትሻቸው።»

ከዚህም የተነሣ ያንን ሳምንት በቤተ መጻሕፍት አሳለፍሁ። ያገኘሁትንም እነሆ።

በሰሜን በኩል ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ስቫልባርድ ናት። ዛሬ በ78 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ የምትገኝ በበረዶ የተሸፈነች የደሴቶች ስብስብ ናት። በትራያሲክ ዘመን ዓለቶቿ ውስጥ የአሞናይት ቀደምት ዘመዶች ሞልተዋል። ያኔ ስቫልባርድ ከዛሬው ቦታዋ በብዙ ዲግሪ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ነበር። ስለዚህ «አገሩ ተንሸራቷል» ማለቴ ለእሷ በከፊል ልክ ነው። ሆኖም ያን ጊዜም ቢሆን ከምድር ወገብ ሩቅ ነበረች። «በምድር ወገብ ላይ» ያልሁት ለሰሜኑም አልሠራም ማለት ነው።

ደቡቡ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር አጠገብ በ64 ዲግሪ ደቡብ ሲሞር የምትባል ደሴት አለች። በ1892 እ.ኤ.አ. ካርል አንቶን ላርሰን የተባለ ኖርዌጂያዊ የመርከብ አዛዥ እዚያ ወርዶ ድንጋይ የሆኑ ዛጎሎችና እንጨቶች ሰበሰበ። ከዚያ በኦቶ ኖርደንሾልድ የሚመራ የስዊድን የምርምር ጓድ በ1901 እ.ኤ.አ. ወደዚያው ተጓዘ። «አንታርክቲክ» የተባለችውን መርከባቸውን በ1903 እ.ኤ.አ. በረዶ ጨፍልቆ አሰጠማት። ሰዎቹ በተለያዩ ቦታዎች ተበታትነው ከረሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አንዲት የአርጀንቲና መርከብ አዳነቻቸው። ይህ ሁሉ መከራ ደርሶባቸው እንኳ ቅሪተ አካል ይዘው ተመለሱ። ከጓዱ ስብስብ ውስጥ አሞናይቶቹን ኪሊያንና ረቡል የተባሉ ሊቃውንት መርምረው በ1909 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። እኔ ከአንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ማውረድ ሰንፌ የተናገርሁት ነገር፣ ሌሎች ለሞት ተጋፍጠው የሰበሰቡት ዕውቀት መሆኑን ሳስብ አንገቴን ደፋሁ።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው። የሲሞር አሞናይቶች በኖሩበት በክሬታሺየስ ዘመን መጨረሻ ደሴቲቱ የነበረችው ወደ 65 ዲግሪ ደቡብ ገደማ ነው። ይህም ማለት ያኔም ዛሬ ባለችበት አካባቢ ነበረች! የተለወጠው ቦታው ሳይሆን የአየሩ ጠባይ ነው። አንታርክቲካን ዛሬ የሸፈናት ታላቁ በረዶ የተጀመረው ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ አሞናይቶቹ ካለቁ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑ ነው። በእነሱ ዘመን በየብሱ ላይ ደን ነበር። ባሕሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የሚያኖር ነበር። በክረምት የቀኑ ብርሃን እጅግ ያጥራል፤ እነሱ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው ይሞቱ ነበር። ከመካከላቸው ዲፕሎሞሴራስ የሚባለው እንደ ወረቀት ማያዣ ሽቦ የታጠፈ፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ግዙፍ ፍጥረት ነው። ሁሉም እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዙ አልነበሩም ማለት ነው። ጭቃዬም በከፊል ዋሽታለች።

ሌላም የተማርሁት አለ። አሞናይት በዓለም ላይ የተሠራጨው እንደ አንድ ዓይነት እህል በየቦታው ተዘርቶ አይደለም። በመካከለኛውና በኋለኛው ጁራሲክ የሰሜኑ ዋልታ ባሕር በየብስ የተከበበና በጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ከሌላው የተገናኘ ነበር። ስለሆነም የራሱን ነዋሪዎች አፈራ። የካርዲዮሴራስ ቤተሰብ የሚባሉት በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በስቫልባርድና በሰሜን ሳይቤሪያ በብዛት ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜም እስከ እንግሊዝና ፈረንሳይ ወርደዋል። በሕንጣሎ ድንጋይ ያሉት ግን የሞቃቱ ባሕር ወገኖች ናቸው። በደቡብም እንዲሁ ጉናሪተስ የተባለው ወገን በአንታርክቲካ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ ሕንድ ይገኛል። ማኦሪተስ የሚባለውም የአንታርክቲካና የኒውዚላንድ ነው። ይህ ልዩነት ለሥነ ምድር ሊቃውንት ትልቅ ራስ ምታት ሆኖባቸዋል። የዓለትን ዕድሜ የሚያነጻጽሩት በአሞናይት ነውና፣ ለጁራሲክ መጨረሻ ለሰሜኑ «ቮልጂያን»፣ ለሞቃቱ ባሕር ደግሞ «ቲቶኒያን» የሚል ሁለት ስም ለማውጣት ተገደዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ምን ላድርግ? በመኝታ ክፍላችን ጓደኞቼን አማከርሁ። «ተወው ባክህ፣ ፈተና ላይ አይመጣ» አለኝ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ልጆች አንዴ ከናቁህ አለቀልህ» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልተወው ዳድቶኝ ነበር። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሬ በየደብተሩ ተጽፎ ተቀምጧል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የመምህር የአፍ ወለምታ ደግሞ በቀለም ይጻፋል። እነዚያ ልጆች ነገ ለታናናሾቻቸው ያስጠኑታል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ወሰድሁ። «ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ያስጻፍኋችሁ ስሕተት ነው» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ሲሞርና ስለ ስቫልባርድ ለየብቻ አስረዳሁ። ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ያንንም እውነት ብለውን ነበር። የአሁኑ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ይህን ጥያቄ እንኳ ተዘጋጅቼበት ነበር። ከቤተ ሙከራ የተዋስሁትን ዘንግ ማግኔት ጠረጴዛ ላይ አጋደምሁ። በማግኔት ያሸሁትን መርፌ ከወገቡ በክር አሥሬ ከማግኔቱ መካከል በላይ ሳንጠለጥለው ተጋደመ። ወደ ጫፉ ስወስደው አዘቀዘቀ። «ምድርም ማግኔት ናት» አልኋቸው። «በምድር ወገብ መርፌው ይጋደማል፤ ወደ ዋልታ በቀረባችሁ ቁጥር ያዘቀዝቃል። በዓለት ውስጥ ያሉ ብረት አዘል ቅንጣቶችም ዓለቱ ሲፈጠር እንደዚህ መርፌ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ሊቃውንት ያንን ዝንባሌ ለክተው ዓለቱ በየትኛው ኬክሮስ እንደ ተፈጠረ ያሰላሉ። የባሕሩን ቅዝቃዜ ደግሞ በዛጎሉ ውስጥ ካለው የኦክሲጅን ዓይነት ምጣኔ ያገኙታል።» ሁሉም መርፌውን ራሳቸው መያዝ ፈለጉ። ደወሉ እስኪደወል ስንቀባበል ቆየን።

ልጆቹ አልናቁኝም። ስወጣ በልጅቷ ደብተር ላይ ዓይኔ አረፈ። የፊተኛውን ዓረፍተ ነገሬን አላጠፋችውም፤ አንድ መስመር ብቻ አስምራበት ከሥሩ አዲሱን ጽፋለች።

የልምምድ ጊዜያችሁ ገና የሆነ ጓደኞቼ ሆይ፤ ተማሪ ያላሰባችሁትን ሲጠይቃችሁ «ይህን አይቼ ነገ እመልስላችኋለሁ» በሉ። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ይከብዳል፤ ግን ደብተር ለማሰረዝ ከመመለስ ይቀላል። የተሳሳታችሁ ከሆነም ተመለሱ።

ጭቃው አሞናይት በዚያ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጧል። ቸር ይግጠመን።