ወይራ በጣባ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፖለቲካ፥ ስለ ፍቅርና ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ቁመቷ ከአንድ ክንድ ስለማያልፍ አንዲት ወይራ ነው። ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ የሚታያችሁ እንደምትኖሩ ዐውቃለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼም «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነህ ከችግኝ ጋራ ምን አገናኘህ?» እያሉ ሲተርቡኝ ሁለት ዓመት አልፏል። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ የምለምናችሁ ጉዳይ አለኝ።

«ቦንሳይ» የጃፓኖች ቃል ነው። «ቦን» ዝርግ ሳሕን፥ «ሳይ» መትከል ማለት ሲሆን ሁለቱ ሲገጥሙ «በሳሕን የተተከለ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቦንሳይ የአንድ ዛፍ ዘር ስም አይደለም፤ ድንክ ሆኖ የተፈጠረ ዛፍም አይደለም። ጥዱም ሾላውም ወይራውም በሰው እጅ ተገርቶ በሳሕን ሲያድግ ቦንሳይ ይባላል። ከእርሱ ፍሬ ለቅማችሁ ሜዳ ላይ ብትዘሩት ግን የሚበቅለው እንደ አያቶቹ ጣራ የሚያልፍ ዛፍ ነው። ጥበቡን የጀመሩት ቻይኖች ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ706 ዓ.ም. በተሠራው የልዑል ጃንግሁዋይ መቃብር ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ተክልና ድንጋይ ያለበት ሳሕን የያዙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ጃፓኖች ከቻይኖች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ አትክልት ሳይሆን ቴአትር ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ «ኖ» ስለሚባለው የጃፓን ቴአትር ሳነብ «ሐቺ ኖ ኪ» የሚል ርእስ ያለው ድርሰት አጋጠመኝ። ርስቱን የተነጠቀ አንድ ደኻ ወታደር ቤት በበረዶ ሌሊት አንድ መንገደኛ መነኩሴ ይመጣል። በቤቱ የሚነድ እንጨት የለም፤ ከደጉ ዘመን የተረፉለት በሸክላ የተተከሉ ሦስት ዛፎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፕለም፥ አንዱ ቼሪ፥ አንዱ ጥድ። እነዚያን ቆርጦ አንድዶ እንግዳውን ያሞቃል። መነኩሴው ለካ ራሱን ሰውሮ አገር የሚዞረው ገዥ ሆጆ ቶኪዮሪ ኖሯል፤ በኋላም ወታደሩን ስማቸው ከሦስቱ ዛፎች ስም ጋራ የሚገጥም ሦስት ርስት ይሸልመዋል። ፍጻሜው ደስ ያሰኛል፤ እኔን ያስቆመኝ ግን ዛፎቹን ሲቆርጥ የሚናገረው ኀዘን ነው። የሸክላ ተክል ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚታዘንለት? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በዚያው ዓመት እናቴ ከኻያ ዓመት በላይ በኪራይ የኖረችበትን ግቢ ለቀቀች፤ ቦታው ለሕንፃ ተፈልጎ ነው። በግቢው መኻል አንዲት ትልቅ ወይራ ነበረች። የጠላ ጋኑም የወተት ቅሉም የሚታጠነው ከርሷ በሚሰበር ጭራሮ ነበር። ወፎች ፍሬዋን እየበሉ ዘሩን ስለሚጥሉ ካጥሩ ሥር ዓመት ዓመት ቡቃያ ይወጣል፤ እናቴም ግቢ ስታጸዳ በማጭድ ትጨርሰዋለች። ከነዚህ አንዷ ግን ስትቆረጥ እያቆጠቆጠች፥ ስታቆጠቁጥ እየተቆረጠች ብዙ ዓመት ቆይታ ቁመቷ ስንዝር፥ የግንዷ ውፍረት ግን አውራ ጣቴን የሚያህል ሆና ነበር። ትልቋን ዛፍ ይዞ መሄድ የሚቻለው የለም። ትንሿን በዶማ አወጣኋትና ሥሯን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፥ ከብርድ ልብሴና ከመጻሕፍቴ ጋራ አድርጌ ወደ ዩኒቨርስቲ መጣሁ። ትልቋ በሳምንቱ ተቆረጠች። እናቴ ዛሬ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጢሱ ለጎረቤት ስለሚያስቸግር ጋን የሚታጠንበት ቦታ የላትም።

መጀመሪያ ያስገባኋት ጣባ ውስጥ አልነበረም። የተቆፈረ ዛፍ ሥሩ እስኪጠና ድረስ ሰፊ ቤት ያስፈልገዋልና አንድ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ከፍዬ ሥሩን በሳትኩት፤ እዚያ ውስጥ ማንም ሳይነካት እንደ ልቧ ስትዘረጋ ዓመት ቆየች። ጀማሪ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጭን ችግኝ ገዝቶ ወዲያው በዝርግ ሳሕን ይተክልና ግንዱ እስኪወፍር ይጠብቃል። በሳሕን ላይ ግን ግንድ እንደ ልቡ አይወፍርም፤ የሚወፍረው በመሬት ወይም በሰፊ ዕቃ ሳለ፥ ቅርንጫፉ በነጻ ሲያድግ ነው። መቀስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛፉ ደግሞ ከቤት ውጭ መኖር አለበት። በሥዕል የምናያቸው ቦንሳዮች በጠረጴዛ ላይ ስለሚቆሙ የሳሎን ጌጥ ይመስሉናል፤ ወይራ ግን በተራራም ሆነ በጣባ ፀሐይ ካላገኘች ትመነምናለች። እኔም በመኝታ ቤታችን መስኮት ደፍ ላይ፥ በውጭ በኩል አስቀምጫት ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከሐምሌ በረዶ ሊያድናት ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀን ቆለፈባት። ሌላው የተረፈውን ሻይ እያፈሰሰ «ማዳበሪያ ነው» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ፕሮክተራችን መጥተው በሰው ራስ ላይ ትወድቃለች ስላሉ (እውነታቸውን ነው) ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ወዳለው የአትክልተኛው መሣሪያ ቤት ተዛወረች።

ጣባውን የገዛሁት ከሸክላ ተራ ነው። ሻጯ ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው «ደኅናውን ዕቃ ልትበሳው!» ብለው ዋጋውን ሊያስመልሱኝ ምንም አልቀራቸውም። መበሳቱ ግን ግድ ነው፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩም ተራ የጓሮ አፈር አይሆንም። የላመ አፈር በዝርግ ዕቃ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይተኛና ሥሩ አየር ያጣል። ጃፓኖች ለዚህ ሥራ «አካዳማ» የሚባል ጠጠርማ አፈር አላቸው፤ እኔ ያለኝ ገል ነው። የተሰበረ ሸክላ እየለቀምሁ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁትና ዱቄቱን ጥዬ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን አስቀረሁ፤ በላዩም ጥቂት የበሰበሰ ቅጠል ጨመርሁበት። ውሃ ሲፈስበት ሽው ብሎ ያልፋል፤ ገሉ ግን የሚበቃውን ያህል ጠጥቶ ይይዛል።

ስለ ውሃ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «በስንት ቀን አንዴ?» ይላል። በቀን አይቈጠርም። አንድ ደረቅ መፋቂያ አፈሩ ውስጥ ሰክቼ እተውና ጠዋት ነቅዬ አየዋለሁ፤ ርሶ ከወጣ እተዋታለሁ፤ እንደ ደረቀ ከወጣ ውሃው ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጣለሁ። በነሐሴ ሳምንቱን ሙሉ ሳልነካት እከርማለሁ። በየካቲት ግን አንድ ቀን መርሳት ይበቃታል። በዚያን ሰሞን ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሁላችሁም ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትበተኑ እኔ የምቀረው ስለዚህ ነው፤ «የከተማ ልጅ ናት የያዘችው» ስትሉ የነበራችሁ ሰዎች አሁን እውነቱን ዕወቁ።

ከጀሪካኑ ወደ ጣባው ያዛወርኋት ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ወደ ታች የሚወርደውን ወፍራም ሥር ቆርጬ ከሌላውም ሲሶ ያህሉን ስቀንስ፥ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አትክልተኛ ካጠገቤ ቆመው ያዩኛል። «ልጄ፥» አሉኝ፤ «ይች ችግኝ ምን በደለችህና ነው እግሯን የምትቆርጣት?»

ከመጻሕፍት ያገኘሁትን መልስ ነገርኋቸው። ወፍራሙ ሥር ዛፉን ከመሬት ለመያዝ ነው፤ የሚያጠጣውና የሚመግበው ጭራው ነው፤ ወፍራሙ ሲቆረጥ ጭራው ይበዛል፤ ዛፉም በትንሽ አፈር ጠግቦ ይኖራል አልሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን መጡና «ያልኸውን አሰብሁት» አሉ። «በእኛ አገር ቁልቁለቱ ላይ ፍየል ዕለት ዕለት የሚግጣት ወይራ አለች። ከጕልበት አትበልጥም። አባቴም ልጅ ሆነው እንደዚያው ሳለች ያውቋታል። ለማገዶ የቆፈራት ሰው ሥሯ እንደ ክንዴ ወፍሮ ያገኘዋል። እንግዲያማ አንተ ፍየሉ ነህ ማለት ነው!» በዚያን ቀን የሳቅነውን ያህል ስቀን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ጣባዋን ሲያልፉ «ፍየሉ ዛሬ መጥቷል?» ይላሉ።

ጃፓኖችም ቢሆኑ ነፋስና በረዶ ያጎበጠውን ዛፍ ከገደል ቆፍረው ማምጣት የታወቀ ልማዳቸው ነው። የእኛይቱ የዱር ወይራ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የቦንሳይ ሰዎች ዘንድ እጅግ የተወደደች ናት፤ እንጨቷ ጠንካራ፥ ቅጠሏ ትንሽ፥ ከተቆረጠችበት ሁሉ የምታቆጠቁጥ ስለ ሆነች ነው። እናቴ በማጭዷ ያለ ዕውቀት ይህንኑ ትሠራ ኖራለች።

አንድ ወዳጄ «በጠባብ ዕቃ ተተክሎ፥ ቀና ባለ ቍጥር የሚቆረጥ! ይኸ የእኛ የተማሪዎች ምሳሌ ነው» ብሎ ግጥም ሊጽፍባት ተነሥቶ ነበር። ያየውን ሁሉ ምሳሌ ማድረግ የፋኩልቲያችን በሽታ ነው። ወይራዋ የማንም ምሳሌ አይደለችም፤ ጠዋት ውሃ ትፈልጋለች።

ይልቅስ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በሜዳ ያለ ዛፍ ሰው ቢረሳው ዝናብ ያስታውሰዋል፤ በጣባ ያለው ግን ከሰው በቀር ማንም የለውም። የተሸከሙት ዛፍ ከባለቤቱ ጋራ ይሰደዳል፤ የሚኖረው ግን እጅ እስካለ ድረስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ቶክዮ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ የከተማይቱ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ዛፎቻቸውን ይዘው ኦሚያ ወደሚባል ስፍራ ሄዱና በ1925 የቦንሳይ መንደር መሠረቱ፤ መንደሩ ዛሬም አለ። በሂሮሺማ ደግሞ ያማኪ የተባለ ቤተ ሰብ ከ1625 ጀምሮ በሳሕን ያለ አንድ ጥድ ነበረው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ቦምቡ ሲወድቅ ቤቱ ከፈነዳበት ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ጥዱን አንድ ግንብ ከለለውና ተረፈ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ከጃፓን ከተላኩላት 53 ቦንሳዮች አንዱ ይኸው ጥድ ነበር። ዋሽንግተን ደርሶ ኻያ አምስት ዓመት ሲጠጣና ሲቆረጥ ኖረ፤ በ2001 የቤተ ሰቡ የልጅ ልጆች ሊጠይቁት መጥተው እስኪናገሩ ድረስ የሚንከባከቡት ሰዎች ከምን እንደ ተረፈ አላወቁም ነበር። ይህን ሳነብ ወታደሩ ለምን እንዳዘነ የገባኝ መሰለኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እኔ በመጪው ሐምሌ እመረቃለሁ። ከዚያ በኋላ የትኛው ከተማ፥ በየትኛው ቤት እንደምገኝ አላውቅም፤ የአርት ፋኩልቲ ምሩቅ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ጣባ ታቅፎ አይዞርም። እናቴ «አምጣልኝ» ብላ ነበር፤ ነገር ግን የቤቷ መስኮት ፀሐይ አያየውም፤ ደግሞም ስትስቅ «ብትደርቅ ለማጠኛ ትሆነኛለች» ማለቷን አልወደድሁላትም። ጋሼ ሁለት ዓመት ቆይተው ጡረታ ይወጣሉ። ወይራዋ ግን ገና ቦንሳይ አይደለችም፤ የቦንሳይ ጀማሪ ናት። ኻያ ዓመት ቢሰጧት ነው ዛፍ የምትመስለው፤ እኛ ደግሞ እዚህ የምንቀመጠው አራት ዓመት ነው።

ስለዚህ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እፈልጋለሁ፤ ወንድም ቢሆን እኅት ብትሆን። ሦስት ዓመት ይዞ ሲመረቅ ለሌላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያስረክባል። ባለቤቷ እኔ ነኝ አልልም። ግቢ ያገኘሁ ቀን መጥቼ ብጠይቅ፥ የያዛት ሰው አልሰጥም ካለ አልሟገተውም፤ ፍሬ ካፈራች ግን ጥቂት እንዲያስቀርልኝ እለምነዋለሁ፤ ለእናቴ የሚሆን ትልቅ ዛፍ የሚበቅለው ከፍሬዋ ነው።

የሚፈለገው ሰው ጠዋት ከክፍል በፊት የሚነሣ፥ በየካቲት ዕረፍት ከተማ የሚቀር ወይም የሚተካ ጓደኛ ያለው ይሁን። በመጪው ክረምት ሥር አይቆረጥም፤ በሚቀጥለው ነው። በግራው ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ልጡን መጫን ሲጀምር በመቁረጫ እየተቆራረጠ ይነሣ እንጂ ተጎትቶ አይፈታም። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በመሣሪያው ቤት አጠገብ እገኛለሁ፤ እኔ ከሌለሁ ጋሼን «ፍየሉ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጣባውን፥ መቀሱን፥ ወንፊቱንና አንድ ጆንያ የተወቀጠ ገል አብሬ እሰጣለሁ። ሻይ አትጠጣም።