ትንሹ ቱባ

በአማርኛ «ቱባ» የሚለው ቃል ትንሽነትን አይወድም። ቱባ ባህል ሲባል ያልተሸረፈና ያልተበረዘ ማለት ነው፤ ቱባ ባለሥልጣን ሲባልም ወንበሩን የሞላ ሰው ይታሰባል። የናሱ መሣሪያ ስም ግን የተገኘው ከላቲን ነው፤ ሮማውያን በጦር ሜዳ ይነፉት የነበረው ቀጥ ያለ ጡሩምባ ቱባ ይባል ነበር። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተገናኙ እንጂ አይዛመዱም። ቢሆንም አጋጣሚው ሥራውን ሠርቷል፤ ለአማርኛ ጆሮ «ትንሽ ቱባ» እርስ በርሱ የሚጣላ ስም ነው።

ከሙዚቃ ጓድ በጡረታ ከተሰናበቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጥብቀው የፈለጉት ይኸንኑ ነበር። እሳቸውና የቀሩት ባልንጀሮቻቸው ከመካከላቸው አንዱ በሞተ ቁጥር በሐዘን ማርሽ ሊሸኙት ቃል ተግባብተዋል። በመጨረሻው ቀብር ላይ ሽማግሌው ትልቁን ቱባ ከሟቹ ደጃፍ አንሥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊያደርሱት አልቻሉም፤ ትከሻቸው ከዳቸውና ከመንገዱ ዳር፣ ከአጥር ሥር አስቀመጡት። ትራምፔቱም ትሮምቦኑም ነፉ፤ ከሥራቸው ግን መሬት አልነበራቸውም። ሟቹ ከበሮ መቺ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ምቱን ከዚያ ቱባ ጋር ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ያለ ቱባ ወደ መቃብሩ ወረደ። ሽማግሌውም ከለቅሶው ቤት ተመልሰው ለቀናት ከሰው ጋር አልተነጋገሩም።

የመሣሪያው ታሪክ ረጅም አይደለም። ቪልሄልም ቪፕሬኽት የተባለው የፕሩሲያ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ መሪና ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ የተባለው መሣሪያ ሠሪ የባስ ቱባን የፈጠራ መብት በርሊን ላይ ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ከመጀመሪያው አንሥቶ የተሠራው ለአዳራሽ ብቻ ሳይሆን ለሚራመድ ወታደር ነበር። በአገራችንም የናስ ባንድ የገባው በዚሁ በወታደሩ በር ነው፤ ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በመጡት መሣሪያዎች ተጀመረና፣ ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሲያስመጡ ሥር ሰደደ። እንግዲህ በእግር መሄድ ለቱባ ትርፍ ጉዳይ ሳይሆን የልደቱ ምክንያት ነው።

የሽማግሌው የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ ራሱ የሙዚቃ መምህር የሆነ ጐልማሳ፣ ከዚህም ከዚያም ለምኖ ሦስት ትንንሽ ቱባዎች ሰበሰበና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ሳሎን ደረደራቸው። የሦስቱ ትንሽነት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ከዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው፣ ሦስት አራተኛ የሚባለው ባለ ቢ ፍላት ቱባ፣ ቱቦው ቢዘረጋ እንደ ትልቁ ወንድሙ 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የቀነሰው ጥቅልሉና የቱቦው ስፋት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ሁለቱ ባለ ኢ ፍላት ቱባዎች ግን በእርግጥ አጭር ናቸው፤ ቱቦአቸው 4 ሜትር ያህል ነው። ከእነዚህ አንዱ ሦስት ቫልቭ ብቻ ያለው ተራ መሣሪያ ሲሆን፣ ሌላው አራት ቫልቭና እንግሊዛዊው ዴቪድ ብሌይክሊ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈለሰፈው የማካካሻ ሥርዓት ያለው ነው። በጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ቢያስቀምጧቸው ባለ ሦስቱ ቫልቭ ወደ 6፣ ባለ ቢ ፍላቱ ወደ 7፣ ባለ ማካካሻው ወደ 9 ኪሎ ሆኑ። ባለሱቁ በዚያ ሚዛን እንዲህ ያለ ሸቀጥ መዝኖ አያውቅም፤ ዋጋውን ጠየቀ።

ነገሩ ሁሉ የተፈተነው በአንዲት ድምፅ ነው። የሐዘን ማርሹ እየተመላለሰ የሚያርፍባት ዝቅተኛዋ ቢ ፍላት ነበረች። በባለ ቢ ፍላቱ ቱባ ይህችን ድምፅ ለማውጣት ጣት አያስፈልግም፤ ከንፈርን አላልቶ መንፋት ይበቃል። በባለ ሦስት ቫልቩ ኢ ፍላት ግን አንደኛውንና ሦስተኛውን ቫልቭ አብሮ መጫን ግድ ነው፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው። የእያንዳንዱ ቫልቭ ጭማሪ ቱቦ የተለካው ለባዶው መሣሪያ ርዝመት ነው። አንዱ ቫልቭ ተጭኖ መሣሪያው ከረዘመ በኋላ የሌላው ጭማሪ ያጥራል፤ ለትንሽ ማሳ የተቆረጠ ገመድ ማሳው ሲሰፋ እንደማይበቃ ማለት ነው። በዚህ ቱባ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይጎድላል፤ ድምፁም የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ተንሸራታቹን ቱቦ በግራ እጁ ስቦ ያቃናዋል። እየተራመደ በግራ እጁ መሣሪያውን ያቀፈ ሰው ግን ከከንፈሩ በቀር መላ የለውም።

ባለ ማካካሻው ይህን ችግር ፈትቶታል። አራተኛው ቫልቭ ብቻውን ቢ ፍላትን በትክክል ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ሲወረድም አየሩ በሦስቱ ቫልቮች ዳግመኛ አልፎ የጎደለውን ርዝመት ከትንንሽ ተጨማሪ ቱቦዎች ያገኛል። ብልኀቱ የሚያስደንቅ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፤ መሣሪያው ይከብዳል፣ በጥልቁ ድምፅ ላይም ትንፋሹ ግድግዳ እንደ ገፋ ይታፈናል።

«ጋሼ፣ ይኸኛው ይሻላል» አለ መምህሩ። «ቅኝቱ አይዋሽም።»

«አይዋሽም» አሉ ሽማግሌው፤ «ግን አይራመድም።»

በድምፅ ቃና ረገድ በሳሎን ውስጥ የተሰማው ሌላ፣ በጊቢ ውስጥ የተሰማው ሌላ ሆነ። ባለ ሦስት ቫልቩ ኢ ፍላት ጥርት ያለ፣ ለዜማ የተፈጠረ ነው። ትንሽነት ለዜማ ሲጠቅም የታየበት ታላቅ ምሳሌም አለ፤ ሞሪስ ራቬል የሙሶርግስኪን «ሥዕሎች በኤግዚቢሽን» እ.ኤ.አ. በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጅ፣ የበሬ ጋሪን በሚሥለው «ቢድሎ» በተባለው ክፍል ዜማውን የሰጠው ለቱባ ነው። ያሰበው ግን በዘመኑ ፈረንሳዮች የሚጫወቱበትን ባለ ስድስት ቫልቭ ትንሽ ቱባ ስለ ነበር፣ ዛሬ ብዙ የትልቁ ቱባ ተጫዋቾች ያን ክፍል በዩፎኒየም ይነፉታል። ከባዱን በሬ የጎተተው ትንሹ መሣሪያ መሆኑ ያስገርማል። የቀብር ማርሽ ግን ዜማውን ለሌሎች ትቶ ከቱባው ወለል ብቻ ይጠይቃል። ሦስት አራተኛው ቢ ፍላት በሳሎኑ ውስጥ ሞቅ ያለና ሰፊ ነበር፤ ከጊቢ ሲወጣ ግማሹን አየር በላው። ከትልቁ ቱባ ጎን ቢቆም ያፍራል። ከፍ ባሉት ድምፆች ላይም እርከኖቹ ስለሚቀራረቡ ከንፈር እየሾለከ ከጎረቤት ድምፅ ላይ ይወድቃል። የተረፈው ግን ወለል ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ብርድ፣ ሽማግሌው ሦስቱንም በየተራ አንግበው በጊቢው ተመላለሱ። ናሱ ስለ ቀዘቀዘ የሁሉም ድምፅ በመጀመሪያ ወረደ፤ ትንንሾች ናቸውና በትንፋሽ ቶሎ ሞቁ። ባለ ማካካሻውን ከበሩ ሳይደርሱ መለሱት። ባለ ሦስት ቫልቩን እስከ መንገዱ አደረሱት፤ ነገር ግን እየተራመዱ ቢ ፍላትን በከንፈር ለማውረድ ሲታገሉ ትንፋሽ አጠራቸው። ሦስት አራተኛውን ይዘው ሲወጡ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ ነበር። ቢ ፍላትና ኤፍ ያለ ጣት የሚወጡ በመሆናቸው ግን የማርሹ እግር ሳይሰበር ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ፣ ደግሞም ቀጠሉ። ከማዶ ቤት አንድ ሌላ ጡረተኛ፣ ትራምፔት ነፊ የነበረ፣ ነጠላውን እንደ ተከናነበ በሩን ከፍቶ ቆመ።

«ይቆይ እርስዎ ዘንድ፣ ጋሼ» አለ መምህሩ። «ማንገቻ ግን የለውም።»

«ማንገቻውን እኔ እሰፋለሁ» አሉ፤ መሣሪያውንም ከጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ጀመሩ።