ማን ያየዋል ብዬ ነው፣ ቲቸር

በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ግቢ በተመለሱበት ሰሞን አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ መጣችና ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ገለጥኩት። በኮሮና ወራት በቴሌግራም ግሩፕ ስልክላቸው የነበረውን የስታቲስቲክስ ጥያቄ አንድም ሳታስቀር ሠርታዋለች። ከእያንዳንዱ መልስ አናት ላይ ቀን ተጽፏል። አንዳንዱን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ራሷ መልሳ አርማዋለች። እኔ ግን በእነዚያ ወራት የዚህችን ልጅ ስም ግሩፑ ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም። ማን እንደሚሳተፍ ለማወቅ ለራሴ በያዝኩት ዝርዝር ላይ ከስሟ ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ለምን አልላክሽልኝም?» አልኳት።

አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ማን ያየዋል ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በተገኘሁበት ስብሰባ ሁሉ «ተማሪዎቻችን ኦንላይን አይማሩም፣ ፍላጎት የላቸውም» ሲባል ያ ደብተር ትዝ ይለኛል። ይህንን እኔም ብዬዋለሁ። ብዬው ስለነበር ነው ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ላስታውሳችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት እንዲቋረጥ ተወሰነ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እኛ መምህራን በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የምናውቀውን አደረግን፤ ግሩፕ ከፍተን ፒዲኤፍ መጫን። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ምዕራፍ፣ ሁለት የመልመጃ ወረቀትና አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ የተቀረጸ ትምህርት ጫንኩ። ከዚያ «ገባችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። «ገባን ቲቸር» የሚሉት ሁልጊዜ እነዚያው አራት ልጆች ነበሩ። የቀሩትን ዝም አሉ ብዬ አለፍኳቸው።

ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ምዕራፍ አራትን መጫን ነው። ያን ሁሉ ቀን ያልተገናኘን ሰዎች «እንዴት ከረማችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። በእኛ አገር አንድ ሰው ጎረቤቱን ሦስት ቀን ካላየው በሩን ያንኳኳል። እኔ ግን ከሃምሳ በላይ ለሆኑ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፍተው ሲመለሱ ስላይድ ነው የሰጠኋቸው። ከዚያ ዘመን የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

ዝምታቸው ምን እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። አንዱ ስልኩን ለሦስት ታናናሾቹ ያካፍላል። ሌላዋ ፓኬጅ የምትገዛው ቅዳሜ ለገበያ ከተማ ስትወጣ ብቻ ነው። ሌላው በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም እንዳይሳቅበት ሰግቶ ጽፎ ጽፎ ያጠፋዋል። በቪዲዮ ስንገናኝ ካሜራ ክፈቱ ስላቸው የማይከፍቱትም ብዙ ነበሩ። ይህ የእኛ ልጆች ጠባይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ግን የአሜሪካ ተማሪዎችም ካሜራቸውን የሚዘጉት በዋናነት ስለ መልካቸው ተጨንቀው እንደሆነ አየሁ። ከኋላቸው ያለው ክፍልና ሰው እንዳይታይባቸው የሚሰጉና ኔትወርክ የሚደክምባቸውም ነበሩበት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እናቱ ከጀርባው እንጀራ ስትጋግር የሚማርን ልጅ «ካሜራ ካልከፈትክ የለህም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የባሰ መጣ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባቸዋል። የእነዚያ አካባቢዎች ተማሪ ስሙ ከግሩፑ ሲጠፋ ፍላጎት አጥቶ አልነበረም።

አያቴ በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆኜ ስለ ቅኔ ቆጠራ ሲያጫውቱኝ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ዛሬ ሳስበው ስለ ርቀት ትምህርት ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የቅኔ ተማሪ መንገዱ ከታየው በኋላ ብቻውን ወደ ዱር ይሄዳል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። መምህሩ አጠገቡ የሉም፤ የሚጠብቀውም የለም፤ ቢተኛ የሚያየው አይኖርም። ጀማሪው የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቆጥሮ ሲመለስ ግን አስነጋሪው ይጠብቀዋል። አስነጋሪ ከተማሪዎቹ መካከል የበሰለው ነው። ጀማሪው ቅኔውን ይነግረዋል፤ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የሳተውን እዚያው ያርምለታል። ከዚያ ወደ መምህሩ ይደርሳል። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ደካማውም ጎበዙም፣ ይሰማል።

አያቴ አንድ ጊዜ «የሚሰማኝ እንዳለ ባላውቅ ኖሮ ከዛፉ ሥር እተኛ ነበር» ብለውኛል።

ተማሪዬ ቅኔዋን ቆጥራ ነበር። አስነጋሪ ነው ያጣችው።

የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተላልፋቸው የነበሩትን ትምህርቶች ነው። እኔ ግን የዚያን ተቋም ጥንካሬ የማየው ሌላ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ አስጠኚ ነበረው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሰው ማታ የጻፈውን መልመጃ በፖስታ ይልካል፤ አስጠኚው አንብቦ፣ ዳር ዳሩ ላይ አስተያየት ጽፎ ይመልስለታል። የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረውም ይህንኑ ነው። በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም ይላል፤ የሚለካው በመካከላቸው ባለው ንግግርና ትምህርቱ በተዋቀረበት መንገድ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከ200 ተማሪ ጋር ተቀምጦ የሚማር ልጅ፣ ገጠር ሆኖ በየሳምንቱ ከመምህሩ መልስ ከሚደርሰው ልጅ ይልቅ ሊርቅ ይችላል።

መልስ የሌለበት ትምህርት ምን እንደሚሆን ደግሞ ቁጥር አለ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኢዴክስ በተባለው የኦንላይን መድረክ በኩል ለዓለም በነፃ የከፈቷቸውን ኮርሶች የስድስት ዓመት መረጃ ሁለት ተመራማሪዎች አጥንተው ሳይንስ በተባለው መጽሔት በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ከተመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ኮርሱ ጨርሶ አልገቡም። በ2017-18 እ.ኤ.አ. ኮርሳቸውን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚያስተምሩት በዓለም የታወቁ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ቪዲዮው ጥራት አለው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ ስቱዲዮ ገዛሁ፣ ሲስተም ዘረጋሁ ሲል ደስ ቢለኝም ከዚያ በኋላ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተማሪው የሠራውን ማን ያይለታል?

በ2014 ዓ.ም. አብዛኛው ትምህርታቸው በርቀት የሚሰጥ 42 ተማሪዎች ደረሱኝ። ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ባንክ ቤት የሚሠሩ፣ ነርሶች፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች፣ አንዲት የሦስት ልጆች እናት። ያ ደብተር መሳቢያዬ ውስጥ ያለ ያህል እየተሰማኝ ነው የጀመርኩት። በስድስት በስድስት ከፈልኳቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አስነጋሪ ሰየምኩ፤ ቃሉን ራሱን ነው የተጠቀምኩት። የአስነጋሪው ሥራ የስድስቱን መልስ መስማት፣ የጎደለውን መናገር፣ ያልተስማሙበትን ወደ እኔ ማምጣት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሽንኩርት ነበር። «በአካባቢያችሁ ካሉ አምስት ሻጮች የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቁ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን አውጡ። ከዚያ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ቮይስ ቁጥሩ ስለ ገበያችሁ ምን እንደሚል ንገሩን።» ከኢንተርኔት የሚገለበጥ መልስ የለውም። የጅማው ከደብረ ብርሃኑ ጋር ሊመሳሰል አይችልም። በሁለተኛው ቀን ግሩፑ ውስጥ ክርክር ተነሣ። የአንዷ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረው። «አምስቱንም የጠየቅሽው አንድ ጉልት ላይ ነው እንዴ?» አሏት። አዎ፣ አንድ ጉልት ላይ ነበር። ስለ ናሙና አመራረጥ ላስተምር ያዘጋጀሁትን ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት ከግማሽ በላይ ያኔ ራሳቸው ተማማሩት።

ቮይስ የመረጥኩት በምክንያት ነው። አንድ ደቂቃ ቮይስ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ ግን ከግማሽ ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል። ከዚያም በላይ ድምፅ ሰው ነው። ከመልሶቹ ጀርባ የወፍጮ ቤት ድምፅ፣ አዛን፣ «ፒያሳ ፒያሳ» የሚል የታክሲ ረዳት ይሰማኛል። የሦስት ልጆች እናት የሆኑት ተማሪዬ ሁልጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚልኩት። እኔም የምመልሰው በቮይስ ነው፤ በስም እየጠራሁ፣ የተናገሩትን ነገር እየጠቀስኩ፣ በሁለት ቀን ውስጥ። ትምህርቱንም አሳጠርኩ። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ከኢዴክስ የተሰበሰበ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ተመልካች ጸንቶ የሚያየው ከስድስት ደቂቃ ያልበለጠውን ነው። የእኔን የአንድ ሰዓት ከሩብ ቅጂ እስከ መጨረሻው ያየው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁሉም ሰመረ ለማለት አልችልም። በመጀመሪያው ወር ሁለት አስነጋሪዎች እንደ ስም ቆጣሪ አለቃ ሆኑ፤ ያልላከውን ሰው ስም በግሩፑ ላይ እየለጠፉ አሳፈሩት። አንዱ ተማሪ በዚያ ምክንያት ከግሩፑ ወጣ። ደውዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ከዚያ በኋላ አስነጋሪነቱን በየሦስት ሳምንቱ እናዞረው ጀመር። ሁሉም ሰሚም ተሰሚም ሲሆን ጠባዩ ተለወጠ። ሁለት ተማሪዎች ደግሞ ምን ብንል አልተመለሱም። አንደኛው ሥራ ቀይሮ ነው፤ የሌላኛዋን ምክንያት አላወቅሁም። 42 ጀምረው 40 ጨረሱ።

ስለ ድካሙም በግልጽ ልናገር። ሰው መስማት ጊዜ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህርን ሥራ የሚቆጥሩት በክሬዲት አወር ነው፤ የአርባ ሰው ድምፅ ሲያዳምጥ ያመሸው መምህር እና ፒዲኤፍ ጭኖ የተኛው መምህር እኩል ነው የሚከፈላቸው። አንድን መምህር 150 የርቀት ተማሪ አሸክሞ «አሳትፋቸው» ማለት አይቻልም። የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ምላሽ የሚሰጥበትን ሰዓት በጭነት ስሌቱ ውስጥ አስገቡት። በርቀት ትምህርት ከተማሪ ክፍያ የሚሰበስብ ተቋም ከዚያ ገንዘብ ላይ ለአስጠኚ ሊቆርጥ ይገባዋል። ሞጁል አትሞ እና የፈተና ቀን ለጥፎ አስተማርኩ ማለት ተማሪውን መበደል ነው።

የግል ጥያቄዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። ዛሬ ማታ ግሩፓችሁን ክፈቱ። የአባላቱን ዝርዝር ወደ ታች ሳቡና አንድም ቀን ጽፈው የማያውቁ የሦስት ተማሪዎችን ስም ፈልጉ። ለእያንዳንዳቸው በግል፣ በስማቸው፣ «ያለፈውን ጥያቄ እንዴት አገኘኸው?»፣ «የት ላይ ያዘሽ?» ብላችሁ ጻፉላቸው።

ተማሪዎች ደግሞ፣ ደብተራችሁ ውስጥ የቀረ መልስ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ለመምህራችሁ ላኩት። ሌላው ቀድሞ መልሶት ከሆነም ላኩት። ስህተት ይሆናል ብላችሁ ከሰጋችሁም ላኩት።