የእናታችን ጓሮ በዘጌ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል አልፈን ባሕር ዳር የደረስነው ከትንሣኤ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ በደስታ ተመላልሰንበታል፤ ያን ጊዜ ግን የሄድነው የእናታችንን የ40 ቀን መታሰቢያ ለማድረስ ነው። እናታችን ያረፈችው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነበር። መርዶው ሲደርሰን የተማሪዎቻችንን ፈተና እያረምን ነበርና፥ ወዲያውኑ ተነሥተን ብንገሠግሥም የደረስነው መቃብሩ ከተደፈነ በኋላ ነው። አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ በእጃችን አላለበስናትም። ይህ ነገር እነዚያን ቀናት ሁሉ እንደ እሾህ ሲወጋን ሰንብቶአል።

በማግሥቱ ማለዳ ከባለቤታችንና ከ6 ዓመት ሴት ልጃችን ጋራ በሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይም ከዚሁ ከባሕር ዳር አጠገብ ከሐይቁ ወጥቶ ረጅም ጉዞውን ይጀምራል። በመንገዳችን ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉ ሰዎች አጋጠሙን፤ ልጃችንም እጅዋን እያወዛወዘች ሰላምታ ሰጠቻቸው። እኛ ግን ዐይናችንን ከዳር አላነሣንም፤ ወደ ባዶ ቤት መሄድ ለካ ውሃውንም ያረዝመዋል።

ዘጌ በሐይቁ ደቡብ በኩል ወደ ውሃው የገባች ልሳነ ምድር ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ጥቁር አረንጓዴ ደን ብቻ ትመስላለች፤ ሲቀርቡ ግን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው፥ ጌሾውና ሎሚው፥ በመካከላቸውም የሰው ቤት ይታያል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያም፥ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም ገዳማት የሚገኙት በዚሁ ደን ውስጥ ነው። በዘጌ ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፥ ከብትም እንዳይረባ የደነገጉት አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ ሲተረክ ኖሮአል። ስለዚህ ሕዝቡ ቡናውን፥ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህሉን ከገበያ ይገዛል፤ ደኑም እስከ ዛሬ ቆይቶአል። ጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መግባቱን ብዙ ሰው ያውቃል፤ እኛ ግን ያችን ምድር የምናውቃት የእናታችን ጓሮ በመሆንዋ ነው።

ከወደቡ ተነሥተን ሽቅብ በድንጋያማው መንገድ ወጥተን ከቤታችን ስንደርስ፥ ታላቅ እኅታችን ጥቁር ለብሳ በደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። አቅፋን አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። ቤቱ ጭር ብሎአል። የእናታችን ሙቀጫ በአፉ ተደፍቶአል፤ ጀበናዋ አቧራ ለብሶ ከጥግ ተቀምጦአል። ጓሮው ደግሞ አረም ውጦት፥ በቡናው መካከል እግር ማስገቢያ አልነበረውም።

«ወንድሜ፥» አለችን፤ «ከእንግዲህ እዚህ ምን አለኝ? ጓሮውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ባሕር ዳር ልግባ። እያንዳንዱ ዛፍ እምዬን ይመስለኛል፤ አላስችልህ አለኝ።»

መልስ አልነበረንም። የመጨረሻዎቹን ወራት እናታችንን ያስታመመችው እርስዋ ናት እንጂ እኛ አይደለንም፤ የራቀ ልጅ ለቀረበው ልጅ ምክር መስጠት አይገባውም ብለን ዝም አልን።

የመታሰቢያው ዕለት ከቅዳሴና ከጸሎተ ፍትሐት በኋላ፥ ካህናቱ፥ ነዳያኑና ጎረቤቱ ሁሉ በጓሮው ጫፍ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጠላውና ዳቦው ቀረበ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው ይዘው፥ ስለ እናታችን ቸርነት በተመስጦ ይናገሩ ጀመር። «ይህች ሴት የመጣውን ሁሉ አብልታ እንጂ ማንንም ባዶ እጁን ከደጅዋ መልሳ አታውቅም» ሲሉ፥ ልጅዋን በሆድዋ ያንጠለጠለች አንዲት ጦጣ ከዛፉ ወርዳ ዳቦውን ከእጃቸው ነጥቃ ወጣች። ከቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣም እኛን እያየች ትገምጥ ጀመር።

ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን አይተው፥ ሽቅብ ጦጣይቱን አይተው፥ «እንግዲህ የሟቿን ዝና እርስዋም ሰምታ ኖሮአል!» አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ። ካህናቱም ሳቁ። ከሁሉ ይልቅ ድምፅዋ የተሰማው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስዋ ታይቶ የማያውቀው እኅታችን ነበረች። ወዲያው ግን ደንግጣ አፍዋን በነጠላዋ ሸፈነችና፥ «እናቴን አፈር አልብሼ፥ በዐርባዋ እስቃለሁ? ወይ ኃጢአቴ!» ብላ ከፊተኛው የባሰ አለቀሰች።

የንስሐ አባታችን በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ እርስዋ ቀረቡ። «ልጄ፥» አሉአት፤ «ያለንበት ሰሞን ምን እንደ ሆነ አስቢ። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሳዕና ዕለት አስቀድማ ትፈታለች፤ የለቅሶውንም የደስታውንም ጊዜ በሥርዓት ታውቀዋለች። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾምና ስግደት አላዘዘችብንም፤ የተለየነው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ትንሣኤን ጠብቆ ነውና። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሶአል፤ በቃና ከሰርግ ቤት ተቀምጦአል። ሁለቱንም ቤት ባርኮአል። ዛሬ የሳቅሽው ስለ እናትሽ ደግነት ሲነገር ሰምተሽ ነው፤ ይህ ኃጢአት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?» አሉና፥ ወደ አረሙ እየተመለከቱ፥ «ይልቅስ ይህን ጓሮ ለማን ትታልሽ ሄደች?» ብለው ጠየቁአት።

እርስዋም አልመለሰችም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ልጃችን ልብሳችንን ጎትታ ቀሰቀሰችን። «አባዬ፥ ተነሥ! ጓሮው ነጭ ነጠላ ለብሶአል!» አለችን። ወጥተን ብናይ እውነትዋን ነበር። ከሳምንት በላይ አስቀድሞ የጣለው የበልግ ዝናብ ቡናውን ቀስቅሶት ኖሮ፥ በአንድ ሌሊት አብቦ አደረ። የቡና አበባ እንዲህ ነው፤ ደረቁን ወር ታፍኖ ይቆይና ዝናብ ባገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ግን አይቆይም። ሽታው ጣፋጭ ነው። ንቦቹም ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል።

እኅታችን ከኋላችን ቆማ ነበር። «በአበባው ሰሞን በቡናው መካከል ስንሮጥ እምዬ እንዴት ትቆጣን እንደ ነበር ታስታውሳለህ?» አለች። አስታወስን፤ እንዲያውም አንድ ቀን አለንጋ ይዛ አባርራን፥ እርስዋው ራስዋ ተሰናክላ ወድቃ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠች ሳቅዋን መግታት አቅቶአት እንደ ነበር ነገርናት። እኅታችን ነጠላዋን ከወገብዋ አደገደገችና ከአንዱ ቡና ሥር ጎንበስ ብላ አረሙን ትነቅል ጀመር። እኛም ዶማ ይዘን ተከተልናት፤ ባለቤታችንና ልጃችንም ተጨመሩ።

እስከ ረፋድ ድረስ ሠራን። ብዙ አልተነጋገርንም። ከአረሙ ሥር የእናታችን ጤና አዳም ደርቆአል ስንል ለምልሞ ተገኘ። ወዲያ ደግሞ ወድቆ ከቀረ ፍሬ የበቀለ አንድ የቡና ችግኝ፥ ዝናቡ ሥሩን አራቁቶት ዘምሞ አገኘን። ተንበርክከን በእጃችን አፈር እያፈስን ሥሩን አለበስነው። በመቃብሩ ላይ ያላፈሰስነው አፈር ያን ጊዜ ትዝ አለንና እንባችን መጣ። ይህ ለዚያ ምትክ ይሆናል አንልም፤ ነገር ግን እጃችን ለእናታችን የሚሠራው ሥራ ስላገኘ ልባችን በመጠኑ አረፈ።

ከሥራው በኋላ እኅታችን ሙቀጫውን ቀና አደረገች፤ ጀበናውንም አጥባ ጣደች። ቡናው ሲፈላ ጤና አዳሙን ቀጥፋ በየስኒው ጨመረች። ከስኒዎቹ መካከል ጫፉ የተሸረፈው የእናታችን ነበር። ለጥቂት ጊዜ በእጅዋ ይዛ አገላብጣ ካየችው በኋላ፥ ከሥሩ ጥቂት ቀድታ ለልጃችን ሰጠቻት። ልጅቱም እንደ ትልቅ ሰው ፉት ብላ፥ ምሬቱ ሲደርስባት ፊትዋን እንደ ሎሚ ቅርፊት አጨማደደች። እኅታችን ሳቀች። በዚህ ጊዜ አፍዋን አልሸፈነችም።

ውድ አንባብያን፥ ኀዘን ያልጎበኘው ቤት የለምና ይህን የጻፍነው ለምክር ያህል ነው። ኀዘንተኛን «በቃህ፥ ደስ ይበልህ» ማለት ቁስልን መጎርጎር ነው። ነገር ግን ከጓሮው አንድ መደብ አብሮት ማረም፥ የደረቀውን ጽጌረዳ ውሃ ማጠጣት፥ የቀዘቀዘውን ጀበና መጣድ ይቻላል። በመስኮት የገባ ፀሐይ፥ የጫጩት ድምፅ፥ የሕፃን ቀልድ ሳይጠሩት ሲመጣ፥ በሟቹ ላይ እንደ ተሠራ በደል አድርገን አናባርረው። ሳቁ ለቅሶውን አይሽረውም፤ ሁለቱም ከአንድ ፍቅር የሚመነጩ ናቸውና። እህል አልቀምስ፥ እንቅልፍ አልተኛ ብሎ ብዙ የቆየ ኀዘንተኛ ሲኖር ግን፥ ከንስሐ አባት ጋራ ሐኪምም እንዲያየው ማድረግ የቤተ ሰብ ግዴታ ነው።

ስንሰናበት እኅታችን ስለ ባሕር ዳር አላነሣችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ጥቁር ልብስዋንም አላወለቀችም፤ ሙት ዓመቱ ገና ነበርና። ወራት አልፈው ታኅሣሥ ሲገባ ግን በስልክ ጠራችን። «ያ አበባ ሁሉ ቀልቶአል፤» አለችን፤ «ብቻዬን ለቅሜ አልጨርሰውም። ልጅቱን ይዛችሁ ኑ፤ ስኒዋን አጥቤ አስቀምጫለሁ።»