ጽጌረዳው ሲበር፣ ጤፉ ሲታገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የተጓዘ ሰው ሆለታ ሲደርስ በፕላስቲክ የተሸፈኑትን የአበባ ቤቶች ማየቱ አይቀርም። አዲስ ዓለምን አልፎ ወደ ጊንጪ ሲዘልቅ ደግሞ፣ በተለይ በኅዳር፣ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። በዚህ መንገድ በተመላለስሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ ማንም የማይበላው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሆላንድ ሲገባ፣ ሰው የሚፈልገው ጤፍ ስለምን ከጉምሩክ በር ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት ለአበባ አልሚዎች መሬት በኪራይ፣ ብድር ከልማት ባንክ፣ በዚያም ላይ የግብር እፎይታ ሰጠ። አገሪቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆነች። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታገደ። የተጋገረ እንጀራ ግን ተፈቅዶለት አሜሪካና አውሮፓ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር እገዳው የወጣው ለእኔ ነው። ደመወዙን ተቀብሎ እህል በረንዳ ለሚሄድ፣ የማኛ ዋጋ ሲጨምር መንግሥትን ለሚያማ ከተሜ። ገዥዎች ሁሉ የሚፈሩት ይህንኑ የከተሜ ሐሜት ነው። የጊንጪ ገበሬ ዋጋ ሲወርድበት ማን ይሰማዋል? የእገዳው ደጋፊዎች የኪኗን ታሪክ ይጠቅሳሉ፦ ፈረንጅ ሲወደው ዋጋው ሰማይ ነካ፣ የቦሊቪያና የፔሩ ድሃም ከገበታው አጣው ይላሉ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ዋጋው በናረባቸው ዓመታት የደጋው ገበሬ ገቢም አብሮ ማደጉን፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ ዋጋው ሲወድቅም መጀመሪያ የተጎዳው እርሱ መሆኑን አይጨምሩበትም።

እኛ በሩን ስንዘጋ ገበያው ቆሞ አልጠበቀንም። ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ጤፍን ፈለጉ፤ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የሚያመርተውም አልጠፋም። የሆላንዱ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዝርያ ስምምነት ተፈረመ፤ ጥቅሙን ለመጋራት መሆኑ ነው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ አገሪቱ ያገኘችው ከጥቂት ሺህ ዩሮ አልዘለለም። በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠው የአውሮፓ የፈጠራ መብት ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም። ከፈጠራው አንዱ ክፍል እህሉ ከታጨደ በኋላ ሰንብቶ ቢፈጭ ይሻላል የሚል ነበር! የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ ዋጋ የለውም ብሎ የፈረደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ያውም ጉዳዩን ወደዚያ ያደረሰው የሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ክርክር እንጂ የእኛ መንግሥት ክስ አልነበረም።

እገዳው ይነሣ ስል ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የአገሪቱ የጤፍ ምርት በአማካይ በሄክታር 20 ኩንታል አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ጥሩ ተስፋ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ዘር ያለ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያም ያለ ገንዘብ ከማሳ አይደርስም። ገንዘቡ የሚመጣው ከዋጋ ነው። ዋጋውን አፍነን ይዘን ምርት አልጨመረም ብንል የማን ጥፋት ነው? የዛሬ ጊንጪ ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2015 በዚያች ትንሽ ከተማ የጀመረውን ተቃውሞ ነው። ያኔ የተጠየቀው የመሬት ጥያቄ ነበር። የዋጋው ጥያቄ ግን እስካሁን ሰልፍ አልወጣም።

አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ጊንጪ ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንድ ኩንታል ሰርገኛ ሸጠው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት።

«ኦቦ፣ ይህ ጤፍ ባሕር ማዶ በትንሽ ከረጢት ተመዝኖ እንደ መድኃኒት በውድ እንደሚሸጥ ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«እዚያም ይበቅላል?»

«አሜሪካኖች ይዘሩታል። በማሽን ያጭዱታል።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ብሩን በመሐረብ እየቋጠሩ፣ «ልጄ፣ ጭዱንስ ምን ያደርጉታል?» አሉኝ።