ራም ጨመርን፤ ማሽኑ ግን አንቀላፋ

ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ የአዛውንቶችን ወግ እየቀረጽን የምናስቀምጥበት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። 2 ጊጋ ራሙን 4 አድርገን «እንግዲህ ይከንፋል!» አልን። ጉድ እኮ ነው! ዊንዶውስ እስኪከፍት ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል።

አዲሱን ራም ነቅለን ሞከርን፤ ያው ነው። አሮጌውን ነቅለን በአዲሱ ብቻ ሞከርን፤ ያው ነው። ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን ቀነስን፤ እምብዛም አልተሻለውም። ጆሯችንን ስናስጠጋ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉንም ይረሳል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስን የሚያነበው ከዲስኩ ነው፤ ዲስኩ ከደከመ ራም ቢቆለልለት ምን ይፈይዳል? ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ስለዚህ ጥገናው ይቆየን ብለን ቅጂዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥን። ከቀረጽናቸው አዛውንቶች ሁለቱ አርፈዋል፤ ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ በኤስኤስዲ ተካን፤ አሁን ጀበናው ሳይጣድ ይከፍታል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል እንኳ በማይክሮፊልም ተቀድቷል። ብራና ቅጂ ካስፈለገው የእኛ ዲስክማ!

ወዳጆች፣ ማሽናችሁ ማዝገም ሲጀምር መጀመሪያ ቅጂ ያዙ፤ ብሎኑን ከዚያ ትፈታላችሁ።