«ታዲያ ልጁ መቼ ይድናል?»፦ ለምርምር ገንዘብ ስለ መጠየቅ

የታላቅ እህቴ ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ሲመሽ ግድግዳ እየዳሰሰ መሄድ ሲጀምር ጨለማ የሚፈራ መስሎን ነበር። የዓይን ሐኪም ከመረመረው በኋላ ግን ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። በዚህ ሕመም አስቀድመው የሚሞቱት በደብዛዛ ብርሃን እንድናይ የሚረዱን የረቲና ሕዋሳት ናቸው፤ ቀጥሎም እይታ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል። የሞተው ሕዋስ አይተካም።

የዘረ መል ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በመሆኔ፣ የእርዳታ መጠየቂያውን ደብዳቤ የመጻፉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። የምንጠይቀው ገንዘብ ለልጁ ሕክምና ሳይሆን፣ የእርሱንና ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ጥቂት ቤተሰቦች የደም ናሙና ለማስመርመር ነበር። በዘር የሚተላለፉ የረቲና ሕመሞችን የሚያስከትሉ ከ250 የሚበልጡ ዘረ መሎች ይታወቃሉ፤ ጉድለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ሳይለይ ስለ ዘረ መል ሕክምና መነጋገር አይቻልም።

የመጀመሪያው ረቂቄ «የእርስዎ እርዳታ የዚህን ሕፃን የዓይን ብርሃን ይመልሳል» ብሎ ይጀምር ነበር። እህቴ አንብባው አለቀሰች፤ እኔ ግን ማታ መልሼ ሳነበው አፈርሁ። ዓረፍተ ነገሩ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አውቃለሁ፤ እውነት አለመሆኑንም አውቃለሁ።

የምርምሩን ታሪክ ላየ ሰው ተስፋውም ርቀቱም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በዚህ ሕመም የተያዙባቸው ቤንና ቤቨርሊ በርማን፣ በዚሁ ሕመም ዓይነ ስውር ከሆነው ከጎርደን ጉንድና ከባለቤቱ ከሉሊ ጋር ፋውንዴሽን ፋይቲንግ ብላይንድነስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ከደገፋቸው ምርምሮች አንዱ አርፒኢ65 በተባለው ዘረ መል ላይ የተደረገው ነው። የዚህ ዘረ መል ጉድለት ሕፃናትን ዓይነ ስውር እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ተገለጸ። በ2001 ጤናማው ቅጂ በቫይረስ አማካይነት የተሰጣቸው ዓይነ ስውር ውሾች ማየታቸው ታተመ፤ በ2007 በሰው ላይ ሙከራ ተጀመረ፤ ለክስተርና የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2017 መጨረሻ ነው። ዋጋውም ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ሆነ። በ1997 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2017 ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይህም የእኔ የዛሬ ዕድሜ ነው። ሕክምናው ደግሞ የሚጠቅመው በሕይወት ያሉ የረቲና ሕዋሳት ለቀሩለት ብቻ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ ጉዳዩን በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ በቃል አስረዳሁ። ሰብሳቢው «ታዲያ ልጄ፣ ልጁ መቼ ይድናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ ገንዘብ እርሱ ላይድን ይችላል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚወለድ ሌላ ልጅ ግን ሊደርስለት ይችላል» አልኋቸው።

እህቴ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ዞር ብዬ ላያት አልደፈርሁም። አንድ አባል ለአውሮፕላን ትኬት ቢሆን ኖሮ ወዲያው እንደሚያዋጡ ተናገሩ። ሰብሳቢው ግን «የወር መዋጮ ስንከፍል ነገ በማን ቤት እንደሚለቀስ አውቀን ነው እንዴ?» አሉና ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። የተዋጣው ገንዘብ ለሕክምና ጉዞ ከሚዋጣው አነስተኛ ቢሆንም ለመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በቃ።

ከዚህ የተረዳሁት፣ ለሕክምና የምንለምንበት ቋንቋ ለምርምር እንደማይሆን ነው። የሕክምና መዋጮ ለሚያውቁት ሰው ይሰጣል፤ የምርምር መዋጮ ግን እንደ ዕድር፣ ማን ቤት እንደሚደርስ ሳይታወቅ የሚከፈል ነው። ሰጪው ይህን ዐውቆ እንዲሰጥ ማድረግ የተመራማሪው ግዴታ ነው፤ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ቢቀንሰውም እንኳ።

እህቴ ያን ዕለት ማታ አላነጋገረችኝም። በሳምንቱ የልጇን እጅ ይዛ ናሙና ለማሰጠት መጣች፤ የራሷንም ሰጠች። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።